ሆርስ ፕሌይ ነበር ወይ?

እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ናዝሬት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጋሪ ስነዳ አለንጋዬ የሚያውቀው አየሩን ነው እንጂ የፈረሴን ጀርባ አይደለም፤ የዱሮ ሰው ካለ ይመሰክራል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ላንጋኖ ዳር፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከወንበሬ ተነስቼ የሰው ሆቴል ግድግዳ በከዘራዬ ደበደብኩ። ዘበኛው «አባት፣ ምን ሆነው ነው?» አለኝ። የልጅ ልጄ ሶስና ክንዴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ምን እንደሆንኩ እዚያው ላስረዳ ሞክሬ ቃሉ ሁሉ አፌ ውስጥ ተዘበራረቀብኝ። ስለዚህ በቀስታ፣ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

የልጄ ጸሎት ቤት ሰዎች ለአንድ ቀን ሽርሽር ሲሄዱ እኔንም ይዘውኝ ሄደው ነበር። ያረፍንበት ሆቴል የዋና ገንዳ አለው። ሐይቁ ከፊታቸው ተንጣሎ ተኝቶ እነሱ ገንዳ ቆፍረዋል፤ ይሁን። እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ፓፓያ እየበላሁ፣ ልጆቹ ውኃ ውስጥ ሲተናነቁ፣ አንዱ የአንዱን ጭንቅላት ሲደፍቅ አያለሁ። ዘበኛው መጣና ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ እያሳየ ተቆጣቸው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ሶስናን ምን እንደሚል ጠየቅኳት። መሮጥ ክልክል ነው፣ ጠርሙስ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ሆርስ ፕሌይ ክልክል ነው ይላል አለችኝ። ሳቅሁ። ሐይቁ ዳር ልጆች ፈረስ ሲያከራዩ አይቼ ስለነበር፣ እውነታቸውን ነው፣ ፈረስ ገንዳ አጠገብ ምን ይሠራል ብዬ። እሷም ሳቀች።

«ፈረስ አይደለም እኮ አባባ። ሆርስ ፕሌይ ማለት ልፊያ ማለት ነው። መገፋፋት፣ መታገል፣ እየተሳሳቁ መደባደብ። እንግሊዞች እንደዚያ ነው የሚሉት።»

ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። ስልኳን አውጥታ ከዚያም አነበበችልኝ። ያኔ ነው የተነሳሁት።

ልፊያን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ከእናቶቻችን የሰማነው ቃል ነው፤ «ልፊያው ይብቃ፣ ኋላ ልትላቀሱ ነው» ይሉን ነበር። ልጃገረዲቱ ቦኖ ስትቀዳ ጎረምሳው ውኃ ሲረጫት፣ እሷም በጣሳ ስታሳድደው፣ ያም ልፊያ ነው፤ እናቷ ብታይ ግን ሌላ ስም አላት። ሁለት ጓደኛሞች ሰላም በመባባል ፈንታ ትከሻ ለትከሻ ሲጋጩ፣ ያም ልፊያ ነው። ቃሉ ውስጥ ሳቅ አለበት። እንግሊዞቹ ለዚህ ነገር ፈረስን ምን ብለው እንደጠሩት ግን እስካሁን አልገባኝም። ፈረስ አይላፋም። ዕድሜዬን ከፈረስ ጋር ኖሬያለሁ። ውርንጭላ እንኳ ሲጫወት አንገት ለአንገት ይታከካል፣ ጥርሱን ሳያሳርፍ ይነካካል፣ ዞሮ ይሮጣል፤ ክብደቱን ያውቃል። ክብደቱን የማያውቀው ሰው ነው።

ጊዜው ሁላችንም ጓድ የተባልንበት ጊዜ ነው። ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም፤ ሻይ አስር ሳንቲም፣ ከባቡር ጣቢያ እስከ ገበያ በጋሪ ስሙኒ እንደነበር ግን አልረሳም። ሻንጣ ያለው ሠላሳ ሳንቲም ይከፍላል፤ ቆንጆ ከሆነች ሻንጣዋን አላየሁትም። ከጣቢያው የሚወርደው መንገድ ግራና ቀኙ የድሬዳዋ ዛፍ ነበር፤ ሲያብብ መሬቱ ቀይ ምንጣፍ ይመስላል፣ የፈረሶቹ ኮቴ አይሰማም። ዛሬ በዚያ መንገድ ባጃጅ ሲተራመስ አያለሁ፤ ከተማዋም አዳማ ሆናለች፤ እኔ አፌ ናዝሬትን ስለለመደ ይቅር በሉኝ። ጎረምሶቹ እሑድ ሲሆን ጫማ የሚሸፍን ቤልቦተም ለብሰው፣ አፍሯቸውን አበጥረው፣ ፍራንኮ ሰፈር ያለው ሻይ ቤት በር ላይ ይደረደራሉ። ሬዲዮው ግማሹን ቀን ማርሽ፣ ግማሹን ቀን የፍቅር ዘፈን ይላል፤ ማርሹ ሲመጣ ሁሉም ሻዩን ይጠጣል፣ ዘፈኑ ሲመጣ ሁሉም ጸጥ ይላል። የዚያን ጊዜ ሽታ ምንድነው ብትሉኝ የኑግ ዘይት ነው እላለሁ። ከኔ ጋሪ፣ ከኔ ኮት፣ ከፈረሴ ጋማ ሁሉ ኑግ ኑግ ይሸት ነበር። አንድ የዘይት ፋብሪካ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ከዘይቱ የሚተርፈውን ፋጉሎ ለከብት አርቢዎች የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

ከድርን ያወቅሁት እዚያ ነው። የቡልቡላ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ቱታው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚያጥረው። መጭመቂያውን የሚያሠራው እሱ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከፋብሪካው በር ውጭ ፈረሴን ስፈታ ከኋላዬ ተደብቆ ይመጣና ባርኔጣዬን በጥፊ ያበርራታል። «አካም ቡልቴ ባለፈረሱ» ይላል፤ እንዴት አደርክ ማለቱ ነው። እኔ ባርኔጣዬን ሳላነሳ ወገቡን እይዘዋለሁ። ከዚያማ አፈር ለአፈር ነው። የጥበቃው ሽማግሌ ወንበሩን አዙሮ ይመለከተናል፤ ለውዝ የምትሸጠው ሴትዮ ሳህኗን ታሸሻለች። ልፊያ ያልኩት ይህንን ነው፤ እኔና ከድር ልፊያን እንወድ ነበር፣ አልክድም። ነገር ግን ፊሽካው ሲነፋ ከድር አቧራውን አራግፎ የበሩን ብረት ይሻገርና ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ቀን ተከትዬው ገብቼ ትከሻውን ገፋ ባደርገው ፊቱ ጠቆረ። ከበሩ ወዲህ ልፊያ የለም አለኝ፤ ያ ማሽን ሰውና ኑግ አይለይም። ሁለተኛ አልነካሁትም።

የሚያናድደኝ ይህ ነው። ከዚያ ግቢ ሰው ሁሉ ይበልጥ ማሽን አጠገብ ልፊያን የሚፈራው እሱ ነበር።

የመጭመቂያው ቺንጋ፣ ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ በላሜራ ሽፋን የተሸፈነ ነበር። ቺንጋው ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል፤ በተበጠሰ ቁጥር ሽፋኑን መፍታትና መግጠም ሥራ ያዘገያል ብሎ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ አስወለቀው። ላሜራው ከሽንት ቤቱ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ቆሞ ዶሮ ይተኛበት ነበር። ከድር መልሱልኝ ብሎ ሦስት ጊዜ ለካቦው ተናግሯል። አንዱን ጊዜ እኔ ጆንያ እየጫንኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ጓድ፣ ይህ ነገር ሰው ይበላል» ሲለው ካቦው «አንተ ካልተጠጋኸው አይበላህም» አለው። ሳይጠጋው እንዴት አድርጎ ዘይት እንደሚቀባው አልነገረውም።

ያን ሰሞን የአብዮት በዓል ደርሶ ነበር። ፋብሪካው በሰልፉ ላይ ጋሪ ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ፤ ካቦው ጋሪዬን ቀይ ጨርቅ አስለብሶ ፈረሴን ቦራን በማርሽ መርገጥ እንዳስለምደው አዘዘኝ። ቦራ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። አንድ ጠዋት ከበሩ ውጭ እያፏጨሁ ሳስረግጠው፣ አንገቱን ቀልብሶ እግሩን እያነሳ ሲጥል፣ ሠራተኛው ሁሉ ከቦ ያያል። ከድርም ከመሀል ቆሞ በሁለት እጁ እያጨበጨበ ይስቃል። ፊሽካው ተነፋ፣ ሁሉም ገባ።

ረፋዱ ላይ ፋጉሎ ልጭን ጋሪዬን መጭመቂያው ቤት በር ላይ አቁሜያለሁ። ከድር የዘይት ጣሳውን ይዞ ጎንበስ አለ። አጠገቡ ማንም አልነበረም፤ እኔ እንኳ ስምንት እርምጃ እርቃለሁ። የቱታው እጅጌ ቺንጋው ላይ ነካ። ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልጽፈውም። ኑግ የምታበጥር ሴት ናት ሮጣ ማብሪያውን ያጠፋችው። ከጋሪዬ ላይ ቀዩን ጨርቅ ቀድጄ እጁን ጠቀለልኩት፣ በጆንያ ላይ አስተኝቼው ወደ ሆስፒታል ጋለብኩ። የቀረው ጨርቅ ከጋሪው ላይ ይውለበለባል። መንገድ ዳር ያሉት ሰዎች የበዓሉ ልምምድ መስሏቸው አጨበጨቡልን። አንዲት ሴት እልል አለች። እሷን አልቀየምም፣ ምን ታውቃለች። ግን ያ እልልታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሐኪሞቹ ከክርኑ በታች ቆረጡት። ቀኝ እጁን።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ቢሮ ጠሩኝ። ቺንጋው ሲይዘው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ሴትዮዋ ጩኸቱን ሰምታ ነው የሮጠችው። የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊው ጎልማሳ ቢጤ ነው፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ። ካቦው ከጎኑ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ቅጽ የዱሮዎቹ ፈረንጅ ባለቤቶች ያሳተሙት ነው፤ ፋብሪካው ተወርሶ እነሱ ሄደው ወረቀታቸው አላለቀም ነበር። ጥያቄው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጸሐፊው እያየ በአማርኛ ይጠይቀኛል። ስም፣ ሰዓት፣ የት ቆመህ ነበር። መለስኩ። ስለ ሽፋኑ ልጀምር ስል የተጠየቅከውን ብቻ አለኝ። ከዚያ አንዱ መስመር ላይ ደረሰና ይህቺን ብቻ ሳይተረጉም «ሆርስ ፕሌይ ነበር ወይ?» አለኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሆርስ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ፈረንጆች ከባቡር ወርደው ጋሪዬ ላይ ሲወጡ ቦራን ግንባሩን እየደባበሱ «ጉድ ሆርስ» ይሉ ነበር። ፕሌይ ደግሞ ኳስ ሜዳ ላይ ዳኛው እጁን ዘርግቶ የሚጮኸው ነው፣ ተጫወቱ ማለቱ። ሁለቱን ገጣጠምኩ። የፈረስ ጨዋታ። ካቦው ያዘዘኝን መፈጸሜን የሚያጣሩ መሰለኝ።

«ነበር» አልኩ።

ጸሐፊው ቀና አለ። «በዓይንህ አይተሃል?»

«ማየት ብቻ? እኔው ነኝ የጀመርኩት።»

«ከድርስ?»

«ከድርማ ደስ ብሎት እየሳቀ ነበር።»

እስክሪብቶው ቆመ። ጸሐፊው ካቦውን አየው፤ ካቦው በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ያቺን ዝምታ ቅዳሜ ከላንጋኖ ጀምሮ እያመላለስኳት ነው። ጸሐፊው ያውቅ ነበር። ባለጋሪው ያልገባውን ጥያቄ እንደመለሰ ያውቅ ነበር፤ «ልፊያ ማለቴ ነው ጓድ» ቢል አራት ቃል ነች፣ ምራቁን አታደርቅበትም። አላለም። ሁላችንንም እኩል ጓድ እያለ የሚጠራ ሰው አንዲት ቃል አማርኛ ነፈገኝ። እኔም አንድ ነገር ሽው ብሎብኝ ነበር፤ ምን ማለት ነው ልለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ግን በዚያው ወር ከቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ ፎቶ ተነስቼበት ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ጸሐፊው ይህን ያውቃል። አንተማ አሁን የተማርክ ሰው ነህ፣ አውራ ጣት አያስፈልግህም ብሎ እስክሪብቶውን ሲያቀብለኝ ደረቴ አበጠ። በሕይወቴ ቢሮ ውስጥ በእጄ የፈረምኩት የመጀመሪያው ወረቀት ያ ነው። ፊደሎቹን አሳምሬ ጻፍኩ።

ከድር በራሱ ጥፋት ተብሎ ተሰናበተ፤ ጡረታም አላገኘ። እኔ ካቦውን ረገምኩት። ሽፋኑን ያወለቀ፣ ጥፋቱን በሰው የለጠፈ እሱ ነው እያልኩ ባየሁት ቁጥር ምራቄን እተፋ ነበር። ከድር የተከራያት ክፍል ብሄድ ተቆልፋለች። ቆይቼ አንድ ኪሎ ስኳር ከቀበሌ ሱቅ አውጥቼ፣ በአውቶቡስ ቡልቡላ ሄድኩ። አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ሻሸመኔ ሄዷል አለችኝ። ገመዱ ላይ ግን ሰማያዊው ቱታ ተሰጥቷል፣ ውኃው ገና ይንጠባጠባል። ስኳሩን ሰጥቻት ተመለስኩ። ተቀየምኩት። እኔ በጋሪዬ ያዳንኩት ሰው እኔን ይሸሸኛል እያልኩ ከአርባ ዓመት በላይ እሱን ተቀየምኩ። ሞኝነቴን እዩት።

ከላንጋኖ ወደ ናዝሬት ሲመለሱ ቡልቡላ መንገድ ላይ ናት። አውቶቡሱን አስቁሙልኝ አልኩ። ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚሄዱት መኪኖች ከተደረደሩበት ሻይ ቤት ሶስና አንድ እጅ ያለው ከድር የሚባል ሰው ታውቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ሐጂን ነው የምትሉት አሉን፤ ያ ሱቅ የሱ ነው። ገመድ፣ ሚስማር፣ አካፋ ይሸጣል። ደጁ ላይ ተቀምጧል፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ርዝመቱ ግን ተቀምጦም ይታወቃል። ገና ሳልናገር አወቀኝ። አልተነሳም።

«ቦራ ሞተ?» አለኝ።

«ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው።»

«ጥሩ ፈረስ ነበር» አለ።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት፤ ገንዳውን፣ ማስታወቂያውን፣ ጸሐፊውን፣ የፈረስ ጨዋታ መስሎኝ እንደነበር። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ሰማኝ። ከዚያ እሱ ተራውን ነገረኝ። የስንብቱን ወረቀት ሲያነቡለት ሆርስ ፕሌይ ምንድነው ብሎ ጠይቆ ነበር። እሱ ጠየቀ። ልፊያ ነው፣ የገዛ ጓደኛህ መስክሯል ብለው ፊርማዬን አሳዩት። ፊደሌን ለየው፤ ስሜ ውስጥ ያለችውን «ቸ»ን እንዴት እንደምጽፍ በር ላይ በእንጨት መሬት ጭሮ ያሳየኝ እሱ ነበርና። የመጀመሪያውን ዓመት፣ አስፈራርተውት ነው እያለ ለሰው ተናገረልኝ። ሁለተኛውን ዓመት ሸጦኛል አለ። ከዚያ በኋላ ስሜን ማንሳት ተወ። የዚያን ቀን በር ላይ የመለሰችኝ ሴት ሚስቱ ሐሊማ ነበረች፤ እሱ ከውስጥ ሆኖ ድምፄን ይሰማ ነበር። ሥራው ብቻ አይደለም የሄደበት። ልጅ ወለደ፤ ልጆቹ እንደማንኛውም ወንድ ልጅ ሲታገሉ፣ ሲገፋፉ እናታቸው «እንደ አባታችሁ እጃችሁን ልታጡ ነው?» እያለች ነው ያሳደገቻቸው። እሷ ምን ታድርግ፤ ማኅተም ያለው ወረቀት አይታለች። እየሠራሁ ነበር ብሎ ቢምል ቢገዘት፣ እሺ ትለዋለች እንጂ አላመነችውም።

«ምን ማለት ነው ብለህ ለምን አልጠየቅህም?» አለኝ።

«አፈርኩ።»

ያን ጊዜ ነው ፊቴን ያየኝ። ሶስና የኮቴን ጫፍ ያዘች። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢሰድበኝም እፎይ ባልኩ ነበር። ጸሐፊውንና ካቦውን አንስቼ ልራገም ስጀምር በግራ እጁ ዝም በል አለኝ። ወደ ውስጥ ዞሮ ልጆቹን ጠራ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከአይሱዙ ላይ ጆንያ እያወረደ ነበር፣ ሌላው ሚስማር ይመዝናል። በኦሮምኛ የሆነ ነገር አላቸው፤ ሁለቱም ቀርበው «ሰላም ነዎት ጋሼ» ብለው ከፊቴ ቆሙ።

«ለእኔ ነግረኸኛል» አለ ከድር፤ «አሁን ለእነሱ ንገራቸው።»

ከዘራዬን ተደግፌ ነገርኳቸው። «አባታችሁ ሲላፋ አልነበረም። ዘይት ሊቀባ ጎንበስ እንዳለ ነው። ብቻውን ነበር። ሽፋኑን ሦስት ጊዜ ጠይቆ ከልክለውታል። እጁ የሄደው ሲሠራ ነው። ሌላ ነገር ያልኩት እኔ ነኝ፣ ያልኩትም ሐሰት ነው።»

ትልቁ ልጅ ትከሻው ላይ የቀረችውን ብጣቂ ገመድ ይዞ አባቱን አየ። ከሱቁ ጀርባ ሐሊማ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፣ እንግዳ መጣ ወይ እያለች ብቅ አለች። ነግሬ ጨርሼ አጠገቤ ወዳለው በርጩማ ጠጋ ስል ከድር አየኝ።

«ገና አትቀመጥ» አለኝ። «እሷ ጓሮ ነበረች፣ አልሰማችም። ከመጀመሪያው ድገመው።»